የጠረጠርኸውን አትሹም፣ የሾምኸውን አትጠርጥር

ስለ ቅጥርና ስለ ሹመት በተነሣ ቁጥር ቻይናውያን የሚጠቅሱት አንድ ብሂል አለ፤ የጠረጠርኸውን ሰው አታሠራው፣ የምታሠራውን ሰው አትጠርጥረው ይላል። ባለ ፋብሪካው አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኞቹ ሲያስተዋውቅ ይጠቅሰዋል፤ ሥራ አስኪያጁም የባለቤቱ ጣልቃ ገብነት ሲመረው መልሶ ይጠቅስለታል። አንደኛው ለጋስነቱን ያሳይበታል፣ ሌላኛው “ካመንኸኝ ተወኝ” ይልበታል። በሁለቱም አፍ ብሂሉ የልብ ምክር ሆኖ ይወጣል፤ ካመንህ አይቀር በሙሉ ልብህ እመን እንደ ማለት። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እየተባለ ላደገ፣ “ሰው ማመን ቀብሮ ነው” ሲባል ለሰማ የአገራችን አንባቢ ይህ ዓይነቱ ምክር የዋህነት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ብሂሉ ሲጠቀስና ሲፈተን የኖረበትን ታሪክ ጠጋ ብሎ ለመረመረ ግን የሚወጣው ትርጉም ሌላ ነው። ብሂሉ ጥርጣሬን ጨርሶ አያወግዝም፤ ጊዜና ቦታ ይመድብለታል እንጂ። ጊዜው ከሹመት በፊት ነው። ከሹመት በኋላ የሚተርፍ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ቦታው ሁሉን እኩል በሚያስር ደንብ ውስጥ ነው፤ በሹመኛው ፊት ላይ ሲነበብ መዘዝ ያመጣል። ይህን ጊዜና ቦታ ያዛነፉ ነገሥታትና ነጋዴዎች ምን እንደ ገጠማቸው የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው መዝግበውታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሂሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ ከሚገኝባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ የጂን ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል ነው። ጂኖች ከሰሜን ምሥራቅ የተነሡ፣ ጁርቸን የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ በ1127 የሶንግ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችውን ካይፌንግን ይዘው የቻይናን ሰሜን መግዛት ጀመሩ። ሦስተኛው ንጉሠ ነገሥታቸው ሺዞንግ በዙፋን ሳለ ትልልቆቹ ሹማምንት አንድ ሐሳብ አቀረቡለት፤ የየአውራጃው ገዢዎች የራሳችን ወገን የሆኑ ጁርቸኖች ይሁኑ አሉት። ንጉሡ አልተቀበለም። በግዛቴ ያለው ሁሉ ዜጋዬ ነው፣ አበላልጬ ከያዝሁት እንዴት አንድ ላደርገው እችላለሁ ካለ በኋላ ብሂሉን ጠቀሰና ከየትኛውም ሕዝብ የተወለደ ሰው በችሎታው ይሾም ብሎ አዘዘ። ብሂሉ እዚህ ላይ የወጣው ከአሸናፊ አፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ጁርቸኖች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ያን ሰፊ አገር ያለ ቻይናውያን ጸሐፍትና ዳኞች ሊያስተዳድሩት አይችሉም ነበር። ስለዚህ የንጉሡ ንግግር የደግ ልብ ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ስሌትም ነበረበት። የዚሁ ንጉሥ ፍጻሜ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በመጨረሻ ዘመኑ መጠጥ አበዛ፤ ዘመዶቹን፣ ሹማምንቱንና የገዛ ንግሥቱን ሳይቀር አስገደለ፤ በ1150 መባቻ ላይ ከከፍተኛ ሹማምንቱ አንዱ የነበረው የአጎቱ ልጅ ገደለውና በዙፋኑ ተቀመጠ። ብሂሉን ማወቅ ማንንም ከጥርጣሬ አልፈወሰም ማለት ነው፤ ሹመኛው ነገ በሕይወት መኖሩን እርግጠኛ በማይሆንበት ቤት “አልጠረጥርህም” የሚለው ቃል የሚያስጥለው ነገር የለም።

ከሺዞንግ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የሶንግ መንግሥት ሊቅና ሹም የነበረው ኦውያንግ ሹ ለንጉሡ ባቀረበው ማስታወሻ ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ አጥርቶ አስቀምጦት ነበር። ለመምረጥ መቸገር ይሻላል፤ አቃልሎ ሾሞ ኋላ አለማመን ግን አይገባም የሚል ነው ጭብጡ። ይህ ሰው የብሂሉን ክብደት ያሳረፈው በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ነው። ዛሬ ብሂሉን የሚጠቅሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሁለተኛውን ግማሽ ነውና የመጀመሪያውን ለመግቢያ ያህል ብሎት ያልፋል። ቸግሮት፣ ጠይቆ፣ አስጠይቆ፣ ፈትኖ ያልመረጠ ሰው ግን “የሾምኸውን አትጠርጥር” የሚለውን ምክር ሊጠቀምበት አይችልም፤ መጠርጠር በሚገባው ጊዜ ያልጠረጠረ ሰው መጠርጠር በማይገባው ጊዜ መጠርጠሩ አይቀርም።

ለብሂሉ ማስረጃ ተብለው የሚነገሩት ጥንታዊ ታሪኮችም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው ሲነበቡ እንደ ወሬያቸው የዋህ አይደሉም። የዌይ ግዛት ገዢ የነበረው መስፍን ዌን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ዩዌ ያንግ የተባለ የጦር አዛዥ ዦንግሻንን እንዲወጋለት ላከው። ከበባው ሦስት ዓመት ፈጀ። አዛዡ ድል አድርጎ ተመልሶ ስለ ሥራው ሲናገር መስፍኑ አንድ ሙሉ ሣጥን የክስ ጽሑፍ አምጥቶ አሳየው፤ በእነዚያ ዓመታት በእሱ ላይ የተጻፈ ነበር። አዛዡም ድሉ የኔ ሳይሆን የጌታዬ ነው ብሎ ሰገደ። ተራኪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሌላው የታሪኩ ቅጽ ግን ይቀጥላል፤ የአዛዡ ልጅ በጠላት ከተማ ነበረና ዦንግሻኖች ልጁን ገድለው በመረቅ ሠርተው ላኩለት፣ እሱም ታማኝነቱን ለማሳየት ጠጣው። መስፍኑ ለድሉ ሸለመው፣ ልቡን ግን ከዚያ ወዲያ ተጠራጠረ። የገዛ ልጁን ሥጋ የቀመሰ ሰው ማንን ይምራል ተብሎ። ሣጥኑም ቢሆን የሚናገረው ሁለት ነገር ነው። መስፍኑ ክሱን አልሰማም፤ ግን አላቃጠለውም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም የከረረ ነው። ኋላ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የተባለው የቺን ንጉሥ የቹን ግዛት ለመያዝ ስንት ሰው ይበቃል ብሎ ሲጠይቅ ወጣቱ ሊ ሺን 200,000 ይበቃል አለ፤ አዛውንቱ ዋንግ ጂያን ግን ከ600,000 አያንስም አለ። ንጉሡ ወጣቱን ላከ፣ ወጣቱም ተሸነፈ። ከዚያ ንጉሡ ወደ አዛውንቱ ሄዶ ለመነው፤ 600,000ውም ተሰጠው። ዋንግ ጂያን በጉዞ ላይ ሳለ መልእክተኛ በመልእክተኛ ላይ እየላከ መሬት ስጠኝ፣ ቤት ስጠኝ፣ ለልጆቼ የሚሆን አትክልት ቦታ ስጠኝ እያለ ንጉሡን ወተወተ። ይህን ያህል ልመና አይበዛም ወይ ቢሉት መልሱ ግልጽ ነበር፤ ንጉሡ ተጠራጣሪ ነው፣ የአገሩን ጦር በሙሉ ለኔ ሰጥቷል፣ እኔ ስለ ርስትና ስለ ልጆቼ ብቻ የማስብ ሽማግሌ መስዬ ካልታየሁት እንቅልፍ አያገኝም። ቹ በ223 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደቀች። በዚህ ታሪክ ውስጥ አልጠረጥርህም ያለ ሰው የለም። ያለው ንጉሡ እንዳይጠራጠር በራሱ ፈቃድ መያዣ ያቀረበ ሹመኛ ነው፤ ርስትና ልጆች በንጉሡ እጅ ሲቀሩ ጦሩ በአዛዡ እጅ ሊሆን ቻለ።

ብሂሉን ለመፈተን ከሁሉም የሚሻለው ግን የአን ሉሻን ጉዳይ ነው፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ስሕተት ይገኛልና። የታንግ ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ይህን ከሶግዲያና ከቱርክ ወገን የተወለደ የጦር አዛዥ እጅግ ወደደው፤ በ751 ሦስት የጠረፍ ዕዞችን፣ ፒንግሉን፣ ፋንያንግንና ሄዶንግን፣ ደርቦ አስያዘው። በቀድሞው የታንግ ወግ የጠረፍ አዛዥ በአንድ ቦታ ብዙ አይቆይም፣ ዕዝም አይደራርብም ነበር፤ በጠረፍ ስሙ የገነነ ሰው ደግሞ ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መሆን ይደርስ ነበር። ዜና መዋዕሎቹ እንደሚሉት ይህን በር የዘጋው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሊንፉ ነው። ወንበሩን የሚቀናቀን እንዳይመጣበት ፈርቶ፣ ጠረፉን ለባዕድ ተወላጆች መስጠት ይሻላል ብሎ ንጉሡን መከረ፤ እነሱ በትምህርት ስላልገፉ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት እንደማይታጩ ያውቃል። እንግዲህ አንድ ሰው ያለ ልጓም እንዲታመን መንገዱን የጠረገው በሌሎች ላይ የነበረ ጥርጣሬ ነው። ከዚያ በኋላ አን ሉሻን ሊሸፍት ነው ብሎ የሚናገር ሰው ሲገኝ ንጉሡ አስሮ ለራሱ ለአን ሉሻን ይልክለት ጀመር። “የሾምኸውን አትጠርጥር” የሚለውን ቃል በቃል የፈጸመ ንጉሥ ቢፈለግ ሹዋንዞንግ ነው።

በ755 ታኅሣሥ አን ሉሻን አመፀ፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሁለተኛይቱ ዋና ከተማ ሉዎያንግ ወደቀች። የሹዋንዞንግ ልብ ያን ጊዜ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተስፈነጠረ። ጋኦ ሺያንዢና ፌንግ ቻንግቺንግ የተባሉት ሁለት አዛዦች ሜዳ ላይ መዋጋቱ እንደማያዋጣ አይተው ዋና ከተማዋን ቻንግአንን ወደምትጠብቀው ወደ ቶንግ በር አፈገፈጉ፤ አብሯቸው የነበረው ጃንደረባ ተቆጣጣሪ ከሰሳቸው፣ ንጉሡም ሁለቱንም በጦር ሜዳ አስገደላቸው። በቦታቸው የተተካው ገሹ ሃን በሽተኛ ነበር፤ ያም ሆኖ በሩን ይዞ መቀመጥ እንደሚሻል ያውቅ ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ያንግ ጉዎዦንግ ግን ያ ሁሉ ጦር ወደ እኔ ይዞርብኛል ብሎ ሠጋ፤ ለምን አትወጣም እያለ በንጉሡ በኩል ገፋፋው። መልእክተኛው ደጋግሞ መጣ። ገሹ ሃን በ756 ሐምሌ ወጣ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ተደበደበ፣ ጦሩ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ከቻንግአን ሸሽቶ ወደ ሲቹዋን ተሰደደ። ብሂሉን የሚተች ሰው የአን ሉሻንን ስም ሲጠራ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠራው። ንጉሡ አን ሉሻንን ማመኑ አገሩን አቆሰለ፤ ዋና ከተማውን ያስወሰደበት ግን ጋኦን፣ ፌንግንና ገሹን መጠርጠሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የሶንግ ነገሥታት ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት ጥርጣሬን ቋሚ ማድረግ ነበር። መሥራቹ ታይዙ በ961 የጦር መሪዎቹን ግብር ጠርቶ፣ ወይን አጠጥቶ፣ ርስትና ጡረታ ሰጥቶ ከጦሩ እንዳሰናበታቸው ይነገራል። ያለ ደም መፍሰስ መሆኑ ያስመሰግነዋል። ወራሾቹ ግን አዛዥና ወታደር እንዳይተዋወቅ እስከ ማድረግ ሄዱ፤ ሰሜኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ በጂኖች ላይ ድል እያገኘ የነበረውን ዩዌ ፌይን በ1142 ገደሉት። የሚንግ መጨረሻው ንጉሥ ቾንግዠን ደግሞ የሰሜን ምሥራቁን ጠረፍ ይጠብቅ የነበረውን ዩዋን ቾንግኋንን በ1630 በአሰቃቂ ሁኔታ አስገደለ፤ በ17 ዓመት ዘመነ መንግሥቱ ወደ 50 የሚጠጉ ከፍተኛ አማካሪዎችን ሲያፈራርቅ ኖሮ በ1644 ራሱን ሰቀለ። ስለ እነዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ነገሥታቱን ትተን ወደ ነጋዴዎች ብንመጣ ብሂሉ በትክክል ሲሠራ የምናየው በሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ፒንግያኦ በምትባል በግንብ በታጠረች ትንሽ ከተማ ነው። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የቀለም ንግድ ቤት ሪሼንግቻንግ በሚል ስም ወደ ሐዋላ ቤትነት ተለወጠ። ባለ ገንዘቡ የሊ ቤተሰብ ነበር፤ ሥራውን የያዘው ግን ሌይ ሉታይ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ነው። ነጋዴ ብሩን በሣጥን ጭኖ ሽፍታ ባለበት መንገድ መጓዝ ቀረለት፤ በአንዱ ከተማ ከፍሎ በሌላው ከተማ በወረቀት ይቀበላል። ሪሼንግቻንግ ከ20 በላይ በሆኑ ከተሞች ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ተፎካካሪዎቹም ተከተሉት። ደብዳቤ ከፒንግያኦ ሩቅ ቅርንጫፍ ለመድረስ ሳምንታት በሚወስድበት ዘመን የቅርንጫፍ ኃላፊው በየቀኑ የሚወስነውን ማንም ሊከታተለው አይችልም፤ መታመን ግዴታ ነበር። በባለቤቱና በሥራ አስኪያጁ መካከል የነበረው ልማድ ብሂሉን ቃል በቃል የተከተለ ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ገንዘቡንና ሥልጣኑን ያስረክባል፤ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ቆይቶ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ በቅጥርም፣ በብድርም፣ በዝውውርም እጁን አያስገባም፤ በንግድ ቤቱ ስም ከቅርንጫፍ ገንዘብ መውሰድም አይችልም።

ይህ ሁሉ እምነት የቆመበትን መሠረት እንይ። ለሥራ የሚገባው ልጅ ከአካባቢው ተወላጅ ይመረጣል፤ የቤተሰቡ ታሪክ እስከ አያቶቹ ይጠየቃል፤ ያጠፋውን የሚከፍል ዋስ ይጠራል፤ ከዚያ ዓመታት በለማጅነት ይቆያል። ወደ ቅርንጫፍ ሲላክ ሚስትና ልጆቹን ይዞ አይሄድም፤ በሦስት ዓመት ገደማ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላ ሰው ይተካዋል። በሐዋላው ወረቀት ላይ ቀንና መጠን በየጊዜው በሚለዋወጥ ምስጢራዊ ፊደል ይጻፋል፤ ጽሕፈቱ የተመደበለት ጸሐፊ መሆኑ በተቀባዩ ቅርንጫፍ ይታወቃል። በሌላ በኩል የብር አክሲዮን ካለው ባለቤት ጎን ሥራ አስኪያጁና ነባር ሠራተኞቹ የጉልበት አክሲዮን አላቸው፤ ትርፍ ሲከፈል ይካፈላሉ፣ ያጎደለ ሰው ግን ከሁሉም የሻንሺ ንግድ ቤቶች ይባረራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለው ጥርጣሬ ከማንኛውም ቤተ መንግሥት ጥርጣሬ አያንስም። ልዩነቱ ሁሉም አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ሲገባ ያውቀዋል፤ በእሱ ላይ ብቻ የመጣ እንዳልሆነም ያውቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ለዓመታት አፉን ዘግቶ መቀመጥ ቻለ።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዕቁብ የሚጠጣው በሚተዋወቁና በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ነው፤ ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። “ጠረጠራችሁኝ” ብሎ የሚያኮርፍ አይኖርም፤ ዋሱ ከዳኛው ጀምሮ ሁሉም የሚጠየቀው ነውና። ዋስ የሚጠየቀው ከአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ያ ዕቁብ ሁለተኛ ዙር አይደርስም። ጥርጣሬ ሁሉን እኩል ሲነካ ሥርዓት ነው፤ አንዱን ለይቶ ሲነካ ስድብ ይሆናል። የፒንግያኦ ነጋዴዎችም የደረሱበት ይኸው ነው።

ብሂሉን በጠራራ ፀሐይ የሚቃወሙ ቻይናውያን አሉ። ከእነዚህ ታዋቂው በቺንግዳኦ ከተማ የተመሠረተውን የሃየር ኩባንያ ከ1984 እስከ 2021 የመሩት ዣንግ ሩይሚን ናቸው። በ1985 እንከን ያለባቸውን 76 ማቀዝቀዣዎች በሠራተኞቻቸው ፊት በመዶሻ ያሰባበሩት ሰው እኚሁ ናቸው። ዣንግ ይህ ብሂል የቀድሞው ዘመን የግብርና ኑሮ አስተሳሰብ ነው፣ ከገበያ ኢኮኖሚ ጋር አይሄድም ይላሉ፤ በኩባንያቸው በኃላፊነት ያለ ሰው ቁጥጥር ይደረግበት፣ ዕድገት በውድድር ይገኝ፣ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ ይዛወር ነበር። ትችታቸው ጠንካራ ነው፤ ሰው ይለወጣልና። ሲሾም ንጹሕ የነበረ ሰው ሥልጣን ሲለምድ፣ ዕዳ ሲገባ፣ ልጁ ሲታመም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ትናንት የተደረገ ምርመራ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ይህን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ የሃየር ደንብ ከሪሼንግቻንግ ደንብ በምን ይለያል? ዝውውር በሁለቱም አለ፣ በጊዜ የተወሰነ ሒሳብ በሁለቱም አለ፣ ለሁሉም እኩል መሆኑም እንዲሁ። ዣንግ የነቀፉት ብሂሉ በሹዋንዞንግ አተረጓጎም የተያዘውን ነው፤ በፒንግያኦ ነጋዴዎች አተረጓጎም የተያዘውን ግን ራሳቸው ሥራ ላይ አውለውታል ባይ ነኝ። ደንበኛው ከቶ የማያውቀውን ሻጭ በሚያምንበት በበይነ መረብ ግብይትም መፍትሔው የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በ2003 የተከፈተው ታኦባኦ ሰው ወደ እሱ መምጣት የጀመረው አሊፔይ የገዢውን ገንዘብ በመካከል ይዞ፣ ዕቃው ደረሰኝ እስኪባል ለሻጩ የማይለቅበትን አሠራር ካመጣ በኋላ ነው። ማንም ማንንም አልጠረጠረም፤ ገንዘቡ ብቻ መሐል ላይ ቆመ።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። መምረጥ የማይቻልበት ጊዜ አለ። የምትጠረጥረውን ሰው ካላሠራህ የምታሠራው ሰው አይኖርህም፤ ሺዞንግ ራሱ በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነበር። በ200 በጓንዱ ጦርነት ፃኦ ፃኦ ተቀናቃኙን ዩዋን ሻኦን ድል ሲያደርግ በጠላት ሰፈር ውስጥ ከራሱ ሹማምንት የተላኩ ደብዳቤዎች ተገኙ። ሳያነብ አስቃጠላቸው፤ ዩዋን ሻኦ ያን ያህል በበረታበት ጊዜ እኔም በራሴ እርግጠኛ አልነበርሁም፣ ሌላውማ እንዴት ይሆናል አለ። የቻይና አንባቢ ይህን ብልሃት ያደንቃል። ፃኦ ፃኦ ግን ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አላመነም ማለት አይደለም፤ ማን እንደ ጻፈ ማወቅ የማይጠቅመው መሆኑን ነው ያወቀው። ቢያውቅ ወይ ሊቀጣ ነው፣ ወይ እያወቀ አብሮ ሊኖር ነው፤ ሁለቱም ጦሩን ይበትንበታል። እዚህ ላይ ብሂሉ አይበቃም ብሎ መቀበል ይሻላል። ብሂሉ የሚያስተምረው ምርጫ ያለውን ሰው ነው፤ ምርጫ ለሌለው ሰው የተረፈለት አለማወቅን መምረጥ ነው፣ ያም አሸናፊ በሆነበት ቀን ብቻ የሚቻል ነገር ነው።

ሌላም አለ፤ የፒንግያኦ ደንብ ጨካኝ ነበር። ሦስት ዓመት ከሚስትና ከልጅ መለየት፣ ቤተሰብ እንደ መያዣ መቅረት፣ የአንዱ ጥፋት በዋሱ ላይ መውደቅ ለዛሬ ሰው የሚመከር አይደለም። ደንብ ሲበዛም ሰውየው ለሥራው ሳይሆን ለመዝገቡ መኖር ይጀምራል፤ በኦዲትና በቅጽ ብዛት የታፈነ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ይህን አያጣውም። ይህ ተቃውሞ ግን ስለ ደንቡ መጠንና ይዘት እንጂ ስለ ቦታው አይደለም። ጥርጣሬን ከደንብ ብናወጣው አይጠፋም፤ ወደ አለቃው ሆድ ይገባል፣ ከዚያም በሹክሹክታ፣ በድንገተኛ ዝውውር፣ ከሥር ከሥር በሚላክ ጆሮ ጠቢ ይወጣል። የታንጉ ጃንደረባ ተቆጣጣሪ ማለት ይኸው ነው።

የሐዋላ ቤቶቹ ፍጻሜ ደግሞ ብሂሉ የማይነግረንን ጎን ያሳያል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመንግሥት ባንክ ተቋቁሞ፣ የውጭ ባንኮችም ወደብ ወደቡን ይዘው፣ ገበያው ከእጃቸው መውጣት ጀመረ። የዌይፌንግሆው ሐዋላ ቤት የቤጂንግ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሊ ሆንግሊንግ አደጋውን ቀድሞ አየ። በ1908 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሻንሺ ሐዋላ ቤቶች ተባብረው አንድ ዘመናዊ ባንክ እንዲያቋቁሙ ለዋና መሥሪያ ቤቶቹ ጻፈ። ሊ በለማጅነት ገብቶ፣ በሁሉም ፈተና አልፎ ለዚያ ቦታ የበቃ ሰው ነው፤ ብሂሉ እንደሚለው ካሠሩት ወዲያ የማይጠረጠር። በፒንግያኦ የነበረው የዌይታይሆው ዋና ሥራ አስኪያጅ ማኦ ሆንግሃን ግን ይህ ሁሉ የሊ የግል ጥቅም ፍለጋ ነው አለ፤ ባንኩ ቢቋቋም ሥልጣኑ ወደ ቤጂንግ ሰዎች እንደሚሄድ ታይቶት ይሆናል። ባለ ገንዘቦቹ ዝም አሉ፤ በሒሳብ መዝጊያው መካከል ጣልቃ መግባት ደንቡ አይፈቅድላቸውም፣ ልማዳቸውም አልነበረም። ሐሳቡ ወደቀ። በ1911 አብዮቱ ሲመጣ ያለ መያዣ የተበደረው ገንዘብ ሳይመለስ ቀረ፤ ሪሼንግቻንግ በ1914 ከሰረ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉት። ሊ ሆንግሊንግ በ1917 ስለ ሐዋላ ቤቶቹ መነሣትና መውደቅ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ማኦን ከሷል፤ ባለ ገንዘቦቹ ግን ሹመኛውን ባለመጠርጠራቸው ሊከሰሱ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ዛሬም ክፍት ነው። ያመኑት ማኦን ነበር፤ ሊም ያመኑት ሰው ነበር፤ ሁለት የታመኑ ሰዎች ሲካሰሱ ማንን እንስማ ለሚለው የፒንግያኦ ደንብ አንድም መስመር አልነበረውም።